ጣፊያ ከወጣ በኋላ፦ ዓመታት ቆይቶ ሳንባ ላይ የሚመጣ ጣጣ

ጣፊያ በግራ ጎን፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ ከጨጓራ ኋላ ተሸጉጦ የሚገኝ አካል ነው። በጤናማ አዋቂ ሰው ክብደቱ 150 ግራም ገደማ ስለሆነ ሐኪም ሆድን በእጁ ቢዳብስ አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። የሥራው ብዛት ግን ከመጠኑ በላይ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በሰውነት ውስጥ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ሲያረጅ ግድግዳው ይጠነክራል፣ እንደ ወጣትነቱ መተጣጠፍ ያቅተዋል። በጣፊያ ውስጥ ያሉት እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች ጤነኛውን ሕዋስ ያሳልፋሉ፤ ያረጀውንና የተበላሸውን ግን ያስቀሩታል፣ እዚያው ተፈጭቶ ይወገዳል። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሌትሌት ከሚባሉት ሕዋሳት ሲሶ የሚሆኑት የሚከማቹት በጣፊያ ውስጥ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ባክቴሪያዎችንም እየለቀመ ያጠፋል።

ሰው ያለ ጣፊያ መኖር ይችላል። የተጎዳ ወይም ከልክ በላይ ያበጠ ጣፊያ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ጉበትና የአጥንት መቅኔ የሥራውን የተወሰነ ክፍል ይረከባሉ፤ ታካሚውም ቁስሉ ሲያገግም ወደ እርሻው ወይም ወደ ንግዱ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ጣፊያ ብዙ ዘመን ቢወጣም የማይጎዳ አካል ተደርጎ ይታይ ነበር። መውጣቱ ጉዳት እንዳለው የተረጋገጠው ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ በሳንባ የደም ዝውውር ላይ የሚያስከትለው ችግር ደግሞ በሚገባ የተጠናው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ታካሚውም ሐኪሙም ከጣፊያው ጋር ሳያያይዙት ይቀራሉ።

ጉዳዩ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለሚኖር ሰው የሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ወባ የሚበረታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው፤ ባሕር ዳር ከተማ የተቀመጠችው በ1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መሸንቲና በሐይቁ ዙሪያ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ወባን ክረምት ወጥቶ መስከረም በገባ ቁጥር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች የተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ወባ ደጋግሞ የሚይዘው ሰው ጣፊያው ያብጣል። በአንዳንዶች ላይ ሰውነት ለወባው የሚሰጠው ምላሽ ከልኩ አልፎ ጣፊያው እስከ እምብርትና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ታካሚው ደሙ ያንሳል፣ ጎኑን ይከብደዋል፣ ሲበላ ቶሎ ይጠግባል። ይህ ዓይነቱ እብጠት የሚድነው በቢላ ሳይሆን ለወራት በሚወሰድ የወባ መከላከያ መድኃኒት ነው። ቀስ እያለ ይሟሽሻል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ሆድ መክፈት አያስፈልገውም።

ጣፊያ የሚያብጥበት ሁለተኛው ምክንያት ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ የሚኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ሰው የሚገባው በውኃ ዳር ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ቆዳን በመብሳት ነው። በጣና ዳርቻ የሚዋኝ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ልብስ የሚያጥብና ከብት የሚያጠጣ ሁሉ ይጋለጣል፤ በዘጌ ልሳነ ምድር በተማሪዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በሽታው በስፋት መኖሩን አሳይተዋል። የትሉ እንቁላሎች በደም ተወስደው ጉበት ውስጥ ይቀረቀራሉ፤ ዙሪያቸው ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ከአንጀትና ከጣፊያ ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ያግደዋል። መውጫ ያጣው ደም ወደ ኋላ ሲገፋ ጣፊያው ያብጣል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ታችኛ ክፍል ያሉት የደም ሥሮችም ይወጠራሉ። አንድ ቀን ሲፈነዱ ታካሚው ደም ያስታውካል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ጣፊያውን ማውጣት አንዳንዴ ሕይወት ማዳኛ ይሆናል።

በዚህ በሽታ ላይ በተደረገው ትግል ኢትዮጵያ የራሷን ድርሻ አበርክታለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ በሽታ አስተላላፊውን እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ዋናው መሣሪያ በትምህርት ቤቶች የሚታደለው ፕራዚኳንተል የተባለ ኪኒን ነው። አንድ ልጅ ትሉ ጉበቱን ሳይጎዳው ኪኒኑን ከዋጠ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ጣፊያውን ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባበት ምክንያት ይቀራል። ጣፊያን ከመጠበቂያ መንገዶች ሁሉ ርካሹ ይኸው ነው።

ካላዛርም በዚሁ አካባቢ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የታየው ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ወደ መተማና ሁመራ ለአጨዳና ለአረም የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችም በሽታውን ይዘው ይመለሳሉ። ካላዛር ጣፊያን በእጅጉ ያሳብጣል፤ በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ሲታከም ግን ጣፊያው ተመልሶ ያንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ ድንገተኛ አደጋ አለ። በመኪናና በባጃጅ ግጭት፣ ከዛፍ ላይ በመውደቅ፣ በከብት ርግጫ ወይም በዱላ ምት ጣፊያ ይተረተራል። ቀድሞ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ቀላል በሚመስል ምት ይፈነዳል። ደም ሆድ ውስጥ እየፈሰሰ ሌሊት በድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ላይ ቀዶ ሐኪሙ ብዙ ምርጫ የለውም፤ ጣፊያውን አውጥቶ ሕይወቱን ያተርፋል። የቆሰለው ሰው የደም ግፊቱ ካልወረደ፣ ሲቲ ስካን፣ የደም ባንክና ሌት ተቀን የሚከታተል ባለሙያ ካለ ግን ሳይከፍቱ መጠበቅ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካል። በሕፃናት ላይ ይህ የተለመደ አሠራር ሆኗል። እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ባሉ የባሕር ዳር ሆስፒታሎች የደም ባንክና የክትትል አልጋ ሲጠናከር፣ ትርፉ በዚያች ሌሊት ከሚድነው ሕይወት ያልፋል፤ በሰውዬው ሆድ ውስጥ የሚቀር ጣፊያ ከዓመታት በኋላ ሳንባውን ይጠብቅለታል።

ጣፊያው የወጣ ሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። በጤነኛ ሰው ቀይ ሕዋሳት ውስጥ ምንም ነገር አይታይም፤ ጣፊያ በሌለው ሰው ደም ግን እዚህም እዚያም በአንዳንዶቹ ሕዋሳት ውስጥ አንዲት ክብ ጠቆር ያለች ሰማያዊ ነጥብ ትገኛለች። ሕዋሱ በመቅኔ ውስጥ ሲፈጠር ከነበረው ኒውክሊየስ የተረፈች ቁራጭ ናት፤ ጣፊያ ቢኖር ኖሮ ቆንጥሮ ያወጣት ነበር። ሃውል ጆሊ አካል የምትባለው ይህች ነጥብ በራሷ ጉዳት የላትም። የምትመሰክረው ግን ማጣሪያው መቅረቱን ነው፤ ሌላውም ቆሻሻ በደም ውስጥ መዞሩን ይቀጥላል።

ቶሎ የሚመጡት አደጋዎች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማከማቻቸውን ያጡት ፕሌትሌቶች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ አንዳንዴ በአንድ ማይክሮ ሊትር ከሚሊዮን ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ሲኖር ሊጠረጠር ይገባል። ሌላው ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው ከባድ ኢንፌክሽን ነው። ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጣፊያ የሌለውን ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወባ በበዛበት አገር ትኩሳት ሲነሳ “ወባ ይሆናል” ብሎ ማደር የተለመደ ነው፤ ጣፊያው የወጣ ሰው ግን ማደር የለበትም። ወባውም ራሱ በእሱ ላይ ይበረታል።

የሳንባው ጉዳይ ወደ ብርሃን የወጣው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው ጣፊያቸው የወጣ 740 የአሜሪካ ወታደሮችን የተከታተለ ጥናት በሳንባ ምችና በልብ የደም ሥር መዘጋት የሚሞቱት ከጓደኞቻቸው እንደሚበዙ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 የጀርመን ሐኪሞች የሳንባ ደም ግፊት ካለባቸው 61 ታካሚዎች ውስጥ ሰባቱ ጣፊያ እንደሌላቸው አገኙ፤ በሌላ የሳንባ በሽታ ከተመረመሩት 151 ሰዎች መካከል ግን አንድም አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ በፈረንሳይ የተደረገው ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ አጠራው። የሳንባ ግፊታቸው በረጋ ደም ምክንያት ከሆነ 257 ታካሚዎች መካከል 8.6 በመቶዎቹ ጣፊያቸው የወጣ ነበር፤ በሌሎች ሥር የሰደዱ የሳንባ በሽታዎች ይህ ቁጥር ከአንድ በመቶ በታች ነው። ከቀዶ ሕክምናው እስከ በሽታው መታወቅ በአማካይ 16 ዓመት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጣፊያቸው የወጣ 8,149 የቀድሞ አሜሪካውያን ወታደሮች እስከ 27 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸው፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ የመሄዱ ዕድል ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ቁጥሮች ሊያስደነግጡ አይገባም። ጣፊያቸው ከወጣ ሰዎች አብዛኞቹን የሳንባ ደም ግፊት አይይዛቸውም። አደጋው ጣፊያው በወጣበት ምክንያትም ይለያያል፦ ቀይ ሕዋሳቸው በዘር በሚወረስ ችግር ቶሎ ቶሎ በሚፈርስባቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ታላሴሚያ ባለባቸው፣ ይበረታል፤ በአደጋ ቆስሎ በወጣለት ጤነኛ ሰው ላይ ያንሳል። ሆኖም በሽታው ሲመጣ ከባድ ስለሆነና ቶሎ ከታወቀ ሕክምና ስላለው፣ ጥቂቶችን የሚያገኝ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

መንስኤው ከማጣሪያው መቅረት ይጀምራል። ያረጁ ቀይ ሕዋሳት ከደም ስላልተወገዱ ቀድሞ በውስጠኛው ገጽታቸው ተደብቆ የነበረው ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለ ቅባት ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ይህ ቅባት ደም የሚረጋበትን ሂደት ያፋጥናል። ከሕዋሳቱ እየተቆረሱ የሚወጡ ጥቃቅን ብናኞችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በደም ሥር ውስጥ የሚፈርሱ ሕዋሳት ሄሞግሎቢናቸውን ይረጫሉ፤ የተረጨው ሄሞግሎቢን የደም ሥሮችን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ጠርጎ ይወስዳል። የፕሌትሌቶቹ ብዛት ሲጨመርበት ደሙ ለመርጋት የተዘጋጀ፣ የደም ሥሩም ለመጥበብ የቀረበ ይሆናል። ከዚህም በላይ ጣፊያ በሌለበት ሰውነት ውስጥ አንድ ጊዜ የረጋው ደም ቶሎ አይሟሟም።

ከእግር ወይም ከሆድ ደም መልስ ተነስቶ የሄደ የረጋ ደም በቀኝ ልብ አልፎ ሳንባ ውስጥ ይቀረቀራል። በአብዛኛው ሰው ሰውነቱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያሟሟዋል። በጥቂቶች ግን አይሟሟም። ፋይብሪን የተባሉት ክሮች ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃሉ፤ የጠባሳ ሕዋሳት ይገቡባቸዋል፤ ለስላሳና ቀይ የነበረው ግግር ነጣ ወዳለ ጠንካራ ሥጋ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ብቻውን አያስለቅቀውም። ደሙ ባልተዘጉት ቅርንጫፎች ውስጥ ተጨናንቆ ሲያልፍ እነሱም ይወፍራሉ፣ ይጠባሉ። በጤነኛ ሰው የሳንባ ደም ቅዳ አማካይ ግፊት 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ ከ20 ሲያልፍ የሳንባ ደም ግፊት ይባላል። ይህ በክንድ ላይ በሚለካው የተለመደ ደም ግፊት አይታወቅም፤ የክንዱ ልኬት ፍጹም ጤናማ ሆኖ የሳንባው ሊጨምር ይችላል። ቀኝ ልብ በለስላሳ ግፊት እንዲሠራ የተፈጠረ ስለሆነ በመጀመሪያ ይወፍራል፣ ከዚያም ይሰፋል፣ በመጨረሻም ይደክማል።

የታካሚው ስሜት ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ዳገት ሲወጣ ወይም እንጨት ተሸክሞ ሲሄድ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ቀድሞ ሳያርፍ የሚደርስበትን መንገድ ሁለት ሦስቴ ይቆማል። ቀጥሎ በሜዳ ላይም ይደክመዋል፣ ልቡ ይመታበታል፣ ድንገት ሲነሳ ወይም ሲፋጠን ራሱን ይስታል። በመጨረሻ እግሩና ሆዱ ያብጣሉ፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። በጣና ዙሪያ እንዲህ ያለ ምልክት ይዞ ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው በቅድሚያ የሚጠረጠርበት በሽታ ብዙ ነው፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ አስም፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምር የልብ በሽታ፣ ለሴቶች ደግሞ የማድ ቤት ጭስ የሚያመጣው የሳንባ ጉዳት። እነዚህ በእርግጥም የተለመዱ ናቸው። ስለሆነም ታካሚው ለወራት የአስም መንፊያ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የሚያስፈልገው ጥያቄ አጭር ነው፤ ሸሚዝ አስወልቆ በሆድ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ ማየትና ምን እንደወጣ መጠየቅ።

ቢልሃርዝያ ላለበት ሰው ነገሩ ይደራረባል። ጉበት ሲዘጋ ደሙ በአቋራጭ የሚያልፍባቸው የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ የትሉ እንቁላሎችም በዚያው አቋርጠው ሳንባ ይደርሳሉ፣ የሳንባን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። በብራዚል ቢልሃርዝያ ጉበታቸውንና ጣፊያቸውን የጎዳ 65 ታካሚዎች ተመርምረው በ7.7 በመቶዎቹ ላይ የሳንባ ደም ግፊት ተገኝቷል። በጣና ዙሪያ በዚህ በሽታ ጣፊያው የወጣ ሰው እንግዲህ ሳንባው በሁለት አቅጣጫ ይጠቃል፦ በእንቁላሎቹና በሚረጋው ደም። ለእንዲህ ያለው ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የልብ አልትራሳውንድ ማድረግ አግባብ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ኤኮ ከሚባለው ከልብ አልትራሳውንድ ነው። ቀኝ ልብ ሰፍቶ እንደሆነና ግፊቱ በግምት ምን ያህል እንደደረሰ ያሳያል። ግፊቱ ካለ የረጋ ደም የፈጠረው መሆኑን ለማወቅ በሳንባ ውስጥ አየርና ደም የሚደርሱበትን የሚያነጻጽር የጨረር ምርመራ ይደረጋል፤ እሱ በማይገኝበት ቦታ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ይጠቅማል። ሲቲ ስካኑ ትልልቆቹን የደም ሥሮች በደንብ ቢያሳይም በጥቃቅኖቹ ላይ ያለውን ሊያመልጠው ይችላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ቀጭን ቱቦ በቀኝ ልብ በኩል ወደ ሳንባ አስገብቶ ግፊቱን በቀጥታ መለካት ነው። በረጋ ደም የመጣ የሳንባ ደም ግፊት የሚለው ስያሜ የሚሰጠውም ታካሚው ቢያንስ ሦስት ወር ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተገኘው ግግር ገና ሊሟሟ ይችላልና።

ከሕክምናዎቹ ሁሉ ፍጹም ፈውስ የሚያመጣው ቀዶ ሕክምና ነው። ታካሚው በማሽን ሰውነቱ እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዛል፣ የደም ዝውውሩ ለደቂቃዎች ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ ደም በሌለበት ቀዶ ሐኪሙ የሳንባውን ደም ቅዳ ከፍቶ ጠባሳውን ከግድግዳው እየላጠ ያወጣዋል። የሚወጣው ነገር እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሆነ ነጭ ሥጋ ነው፤ የሳንባውን የደም ሥሮች ቅርጽ ይዞ ይወጣል። በዓለም ላይ ይህን በብቃት የሚሠሩ ማዕከላት ጥቂት ናቸው፤ በአሜሪካ፣ ሳንዲያጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግንባር ቀደም ነው። ቀዶ ሕክምናው ለማይመቻቸው በፊኛ የደም ሥሩን የመክፈት ዘዴና እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተፈቀደው ሪዮሲጓት የተባለ መድኃኒት አሉ። ጣፊያ በሌላቸው ታካሚዎች ግግሩ ብዙ ጊዜ በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ላይ ስለሚያርፍ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፤ ቀድሞ ማወቅ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእነሱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለሁሉም የሚታዘዘው፣ በአገር ውስጥም የሚገኘው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደሙ መቅጠን በየጊዜው በላቦራቶሪ መለካት አለበት። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ በጾም ወራት ጎመን አብዝቶ፣ በፍስክ ደግሞ ጨርሶ የሚተው ሰው ልኬቱ ይዋዥቃል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ማድረግ ይበቃል። ዋርፋሪን በማሕፀን ያለን ሕፃን ይጎዳል፣ የሳንባ ደም ግፊት ያለባት ሴት ስታረግዝም ሕይወቷ ለአደጋ ይጋለጣል፤ ስለዚህ የእርግዝና ዕቅድ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መመካከር ይጠይቃል። ኤስትሮጅን ያለባቸው የእርግዝና መከላከያ ኪኒኖችም የደም መርጋትን ስለሚያባብሱ ጣፊያዋ የወጣ ሴት ሌላ ዓይነት ብትመርጥ ይሻላል።

ጣፊያ እንዲወጣ የተወሰነለት ሰው ጊዜ ካለ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና ሂብ የተባለው ባክቴሪያ ክትባት ቢያገኝ ይመረጣል። የኒሞኮከስ ክትባት በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ አላገኘውም ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ተነስቶ መራመድ፣ ሐኪሙ ካዘዘም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መርፌ መጨረስ ያስፈልጋል። ከመሸንቲ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው በየዕረፍቱ ወርዶ እግሩን ቢያፍታታ ይጠቅመዋል። አንድ እግር ብቻውን ካበጠና ካመመ፣ ወይም ደረት በድንገት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ፣ ያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

ምልክት የሌለበትን ሁሉ በየዓመቱ በኤኮ የመመርመር የጋራ መመሪያ የለም። ትንፋሽ ማጠር የጀመረው ግን ኤኮ ይገባዋል። ያ እንዲሆን ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ ጣፊያው መቼ እንደወጣ፣ ለምን እንደወጣና የትኞቹ ክትባቶች እንደተሰጡ። “ለምን” የሚለው ከሌለ ቀጣዩ ሐኪም አደጋውን መመዘን አይችልም፤ በአደጋ ምክንያት የወጣና በቢልሃርዝያ ምክንያት የወጣ ጣፊያ ለሳንባ እኩል አይደሉምና። ወረቀቱ ከልደት የምስክር ወረቀትና ከመታወቂያ ጋር በአንድ ቦታ ቢቀመጥ፣ ፎቶውም በቤተሰብ ስልክ ላይ ቢኖር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚያነበው ሐኪም ይደርሳል።